ቀጭን ጥይት ካልሆነ የማይጎርሰው ሽጉጥ

ጆሮ ያለው ይጠጋ፤ ሽጉጥ ያለው ግን ራቅ ብሎ ይስማ።

በአንድ ቆላ መንደር አጣናው የሚባል ገበሬ ነበረ። በዚያ መንደር በወንዱ ሁሉ ወገብ ላይ ያለው ሽጉጥ አንድ ዓይነት ነው፤ ጥይቱም አንድ ዓይነት። ጥይት ያለቀበት ሰው እንደ ጨው ከጎረቤቱ ይበደራል፤ ከገበያ ሲመለስ ይመልሳል። ይህ አጣናውን አልጣመውም። “ሁሉም የታጠቀውን መታጠቅ ምኑ ወንድነት ነው?” አለና የአባቱን ሽጉጥ ሰጥቶ ከሩቅ አገር በመጣ፣ ቀጭን ጥይት በሚጎርስ ሽጉጥ ለወጠ። የሰጠው ሰው “ጥይቱ ነፋስ ይቀድማል” ብሎ ምሎለታል። አጣናው አብረው የመጡትን ስድስት ጥይቶች በአንድ ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ ተኩሶ ጨረሳቸው። ነፋሱን ይቅደሙት አይቅደሙት ያየ የለም።

ማሽላው እሸት ሲይዝ አንድ ሽማግሌ ዝንጀሮ መጥቶ መሀል እርሻው ላይ ጉብ አለ። ያ ማሽላ የአጣናውና የሚስቱ የዘርትሁን የዓመት ቀለብ ነው፤ ሌላ የላቸውም። የአጣናው ፍላጎት እንግዲህ ይህችው ብቻ ነበረች፤ ዝንጀሮው እንዲሄድለት።

“ዝንጀሮ፣ ከማሽላዬ ውጣ!”

“አልወጣም” አለ ዝንጀሮው እያኘከ። “ሽጉጥህ ሲጮህ ያኔ እወጣለሁ።”

አጣናው ሽጉጡን መዘዘ። “ሽጉጤ፣ ጩህበት! ዝንጀሮው ከማሽላው አልወጣም አለ።”

“አልጮህም” አለ ሽጉጡ። “እኔ እንደ መንደር ሽጉጥ ያገኘሁትን አልጎርስም። ቀጭኗን ጥይቴን አምጣልኝ።”

አጣናው ወደ ጎረቤቱ ወደ ባይለየኝ ሮጠ። ባይለየኝ ደግ ሰው ነው፤ ሳይጠየቅ ዝናሩን ፈትቶ አንድ ወፍራም ጥይት መዳፉ ላይ አኖረለት።

“ጥይት፣ ግባ! ሽጉጡ አልጮህም አለ፣ ዝንጀሮው ከማሽላው አልወጣም አለ።”

“አልገባም” አለ ጥይቱ። “በዚህ መንደር ያልገባሁበት ሽጉጥ የለም፤ የአንተው ግን ጉሮሮው ጠበበኝ።”

“አያ አጣናው፣ የአባትህ ሽጉጥ ቢሆን እኮ ይሄኔ ጮኾልህ ነበር” አለ ባይለየኝ። አጣናውን እፍረቱ ጆሮው ድረስ አቃጠለው፤ ግን ያልሰማ መሰለ።

እርሻው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ነጋዴው አሊጋዝ ጋደም ብሏል፤ በቅሎዋ እንደተጫነች አጠገቡ ቆማለች።

“አሊጋዝ፣ ቀጭን ጥይት ስጠኝ! ወፍራሙ ጥይት አልገባም አለ፣ ሽጉጡ አልጮህም አለ፣ ዝንጀሮው ከማሽላው አልወጣም አለ።”

“አንዲት አለችኝ” አለ አሊጋዝ ዓይኑን ሳይገልጥ። “አራት ዓመት ጠያቂ አጥታ ከጭነቱ ሁሉ ሥር ተቀብራለች። ላንድ ሰው ብዬ ይህን ሁሉ ጨው አልፈታም። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ኑ።”

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሞኝ ከየት ያምጣ? ወደ በቅሎዋ ዞረ። “በቅሎ፣ ጭነትሽን ጣይ! ነጋዴው አልፈታም አለ፣ ጥይቱ አልገባም አለ፣ ሽጉጡ አልጮህም አለ፣ ዝንጀሮው ከማሽላው አልወጣም አለ።”

“አልጥልም” አለች በቅሎዋ። “ምን ነክቶኝ? የነደፈኝ የለ።”

ጉቶ ላይ አንድ ተናዳፊ ዝንብ ፀሐይ ይሞቃል። “ዝንብ፣ ንደፋት! በቅሎዋ አልጥልም አለች፣ ነጋዴው አልፈታም አለ፣ ጥይቱ አልገባም አለ፣ ሽጉጡ አልጮህም አለ፣ ዝንጀሮው ከማሽላው አልወጣም አለ።”

“አልነድፍም” አለ ዝንቡ። “ከዚህ ጉቶ ማን ያስነሣኛል?”

ዘርትሁን ይህን ጊዜ ማማው ላይ ወጥታ፣ ወንጭፏን ዘርግታ፣ ድንጋይ አጉርሳ ዝንጀሮውን እያነጣጠረች ነበር። አጣናው ከሥር እያለከለከ ደረሰ።

“ዘርትሁኔ፣ ቆይ! ዝንቡን ከጉቶው አስነሺልኝ! ዝንቡ አልነድፍም አለ፣ በቅሎዋ አልጥልም አለች፣ ነጋዴው አልፈታም አለ፣ ጥይቱ አልገባም አለ፣ ሽጉጡ አልጮህም አለ፣ ዝንጀሮው ከማሽላው አልወጣም አለ።”

“አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም?” አለች ዘርትሁን። “ድንጋዩ እጄ ላይ፣ ዝንጀሮው ዓይኔ ሥር፤ ዝንብ ምን አደረገኝ?”

“የሽጉጡስ ነገር? አገር ምን ይለኛል? እባክሽ፣ ዝንቡን።”

ዘርትሁን ወደ ታች አየችው። አናደዳት፤ አሳዘናትም። ወንጭፏን ወደ ጉቶው አዙራ ለቀቀችው።

ድንጋዩ ጉቶውን መታ፤ ዝንቡ ተነሥቶ በቅሎዋን ነደፈ፤ በቅሎዋ ፈርጥጣ ጨዉን ዘረገፈች፤ ነጋዴው እየተራገመ ቀጭኗን ጥይት አንሥቶ ለአጣናው ሰጠ፤ ወፍራሙ ጥይት ወደ ባይለየኝ ዝናር ተመለሰ፤ ቀጭኗ ገባች፤ ሽጉጡም ጧ! ብሎ ጮኸ።

አጣናው ደረቱን ነፍቶ ወደ ማሽላው ዞረ። ማሽላው ውስጥ ዝንጀሮ የለም። ዝንጀሮው ማዶ ዳገቱ ላይ ሆኖ መቀመጫውን ያሻል። ዘርትሁን ሁለተኛዋን ድንጋይ የወነጨፈችው ማንም ሳይለምናት፣ አጣናው ጥይቷን ሊያጎርስ ሲታገል ነበር።

“ጮኸልህ?” አለችው።

“ጮኸ።”

“እሰይ።”

በማግሥቱ ዝንጀሮው ዘመዶቹን አስከትሎ መጣ። አጣናው ሽጉጡን አየው፤ ሽጉጡ “ጥይቴስ?” አለ። አሊጋዝም “አንዷ እሷው ነበረች” ብሎ መንገዱን ቀጥሏል። አጣናው ሽጉጡን ግድግዳው ላይ ሰቀለና ማማው ላይ ወጣ።

“እስቲ አንዱን ወንጭፍ አቀብይኝ” አለ፣ ሚስቱን ቀና ብሎ ሳያይ።

ዘርትሁን አልሳቀችበትም። ሰጠችው። ከሜዳው ለቅመው ካከማቹት ድንጋይ አንዷን አነሣ፤ አገላብጦ አያት፤ አልገባም ትለኝ ይሆን ብሎ እየፈራ ወንጭፉ ላይ አስቀመጣት።

ገባች።

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀ፤ የሜዳው ድንጋይ ግን አላለቀም።