የፕሬዚዳንቱ አሥር ጥይቶች

የዒላማ ተኩስ ተወዳዳሪዎች በሚሰባሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የክለቡ ፕሬዚዳንት አቶ ልዑልሰገድ የዒላማ ወረቀታቸውን ፎቶ ለጠፉ። ጠዋት የተኮሷቸው አሥሩም ጥይቶች የወረቀቱን መሐል በስተዋል። አባላቱ የጭብጨባ ምልክት አዘነቡላቸው። ወረቀቱን ጣውላ ላይ የሚለጥፈው የክለቡ ሠራተኛ ብቻ ዝም አለ።

ዝምታው ለፕሬዚዳንቱ አልተዋጠላቸውም። «አንተ እዚያው ነበርክ። ወይ እዚህ ሁሉም ፊት መስክር፣ ወይ ከግሩፑም ከሥራህም ትባረራለህ!» ብለው ጻፉበት።

ሠራተኛውም እንዲህ ሲል መለሰ፦ «እመሰክራለሁ ጌታዬ። አሥሩም መሐሉን ነው የበሱት። ከወረቀቱ ኋላ ያለው፣ ዛሬ ከተኩሱ በፊት የቀየርኩት ጣውላ ግን ጭረት እንኳ የለበትም። ወረቀት በስቶ ሲያበቃ፣ ጣውላው የክለቡ ንብረት መሆኑን አውቆ የሚቆም እንዲህ ያለ ጨዋ ጥይት በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።»