ለቀስተኛ የበዛበት ድልድይ

ተረት ተረት ስላችሁ «የመሠረት» በሉኝ። ጠንከር አድርጋችሁ በሉት፤ የዛሬው ተረት መሠረቱ የተነቃነቀ ነው።

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይ ሳይቀር አፍ በነበረው ዘመን፣ ገዝጋዥ በሚባል ወንዝ ላይ አንድ ባለ ሦስት እግር ድልድይ ነበር። ከወዲህ ጫካ፣ ከወዲያ ገበያ። ድልድዩ ሆደ ቡቡ ነበር። ጥንቸል እንኳ ስትሻገር «ቀስ ልጄ፣ ያንሸራትታል» ይላታል።

ወንዙ ግን ነገረኛ ነበር። በየክረምቱ የድልድዩን መሐለኛ እግር ይገዘግዛል። አንድ ሚያዝያ ላይ ከታች ቀና ብሎ፣

«አያ ድልድይ፣ ዘንድሮ ክረምቱን የምትሻገረው አይመስለኝም» አለው።

«እኔ አሻግራለሁ እንጂ ተሻግሬ አላውቅም» አለ ድልድዩ። ይህን ሲል ሳቅ አለ፤ እግሩ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ይህን የሰሙ አውሬዎች ከወዲህም ከወዲያም ተሰበሰቡ። መከሩ፣ ዘከሩ። «ኬላ ይቁም። የሚሻገር ሁሉ አንድ አንድ ድንጋይ ይክፈል። ድንጋዩ በድልድዩ እግር ሥር ይደርደር» ብለው ወሰኑና በድልድዩ ላይ ተሻግረው ወደየቤታቸው ሄዱ። ኬላው የሚቆመው «ከነገ ጀምሮ» ስለነበረ ድንጋይ የያዘ አልነበረም።

ኬላ ጠባቂ ሆነው አባ ኤሊ ተሾሙ። ቤታቸውን ተሸክመው ስለሚሄዱ የጥበቃ ቤት አይጠይቁም ተብሎ ነው። በመንገዱ ላይም ገመድ ተወጠረ። ገመዱ፣ እንደ ኬላ ገመድ ሁሉ፣ አላፊ አግዳሚውን ሳይነካ አይውልም።

የመጀመሪያው የቅዳሜ ገበያ ደህና ነበር። ድንጋይ ይመጣል፣ ገመዱ ይወርዳል። ድንጋይ ይመጣል፣ ገመዱ ይወርዳል። ወደ ከሰዓት ግን ጃርት እያለቀሰች ባዶ እጇን ደረሰች።

«ድንጋይሽስ?» አሏት አባ ኤሊ።

«እናቴ ሞታብኝ ነው፣ አባ ኤሊ! ቀብሩ ሳያመልጠኝ ልድረስ።»

ድልድዩ ይህን ሲሰማ ሆዱ ባባ። «አሳልፏት! ለቅሶ የሚሄድ ቀረጥ አይከፍልም። ይህ ቃሌ ነው» አለ።

ገመዱ ወረደ። ጃርት እየሮጠች ተሻገረች።

አያ ጉሬዛ ከኋላ ተሰልፎ ይህን ሁሉ ያያል። ጉሬዛ እንደምታውቁት ክረምት ከበጋ ጥቁር ለባሽ ነው። የያዘውን ድንጋይ አየ። ጥቁር ጠጉሩን አየ። ድንጋዩን ቁጥቋጦ ሥር ቀስ ብሎ አስቀመጠና፣

«ወይኔ አክስቴን!» አለ።

«እግዚአብሔር ያጥናህ» አሉ አባ ኤሊ። ገመዱ ወረደ።

በሁለተኛው ቅዳሜም «ወይኔ አክስቴን!» እያለ መጣ።

«አክስትህ ባለፈው ሞታ የለም እንዴ?»

«ያቺ የእናቴ እህት ነበረች፣ አባ ኤሊ። ይቺ የአባቴ እህት ናት።»

«አይ ያንተ ነገር! እግዚአብሔር ያጥናህ።» ገመዱ ወረደ።

በሦስተኛው ቅዳሜም «ወይኔ አክስቴን!» እያለ መጣ።

«ደግሞ ይቺ የማን እህት ናት?»

«ያቺው የአባቴ እህት።»

«ሞታ አልነበረም?»

«ሞታ ነበር። በሽታው አገረሸባት።»

አባ ኤሊ አሰቡ፣ አሰቡ። ረጅም ጊዜ አሰቡ። «እውነትህን ነው፤ በሽታ ሲያገረሽ ክፉ ነው» አሉ። ገመዱም እየወረደ «እንዲህ ደጋግሞ የሚሞት ዘመድ ለእኛም ይስጠን» አለ።

ከዚያማ ምኑ ይወራል! ጥንቸል ለአያቷ አለቀሰች። ሰስ ለአማቱ አለቀሰ። ከርከሮ የሚሞት ዘመድ ቢያጣ ለጎረቤቱ ጎረቤት አለቀሰ። ቀይ ሽንኩርትም ሥራ አገኘች፤ ከገመዱ አጠገብ ቁጭ ብላ «እንባ የራቃችሁ፣ ወደኔ ቀረብ በሉ!» ትል ጀመር። ከወዲያ ማዶ ያሉትም ወሬው ደረሳቸውና እያለቀሱ መምጣት ጀመሩ። በድልድዩ እግር ሥር ጠጠር የሚጥል ጠፋ።

አንድ ቀን ገበያ ሲበተን ድልድዩ በጣም አዝኖ፣

«አባ ኤሊ፣ ከወዲያ ማዶ ሰው አልቋል እኮ» አለ።

«ከወዲህም አልቋል። ከወዲያ የሚመጡት ለወዲህኞቹ ነው የሚያለቅሱት» አሉ አባ ኤሊ።

«ታዲያ ማን ቀረ?»

አባ ኤሊ በጣታቸው ቆጠሩ። «አንተ፣ እኔና ገመዱ።»

«እኔን ከቁጥር አውጡኝ፤ በሳቅ ልሞት ነው» አለ ገመዱ።

ወንዙም ከታች ሰምቶ «ሰኔ ሊገባ አሥራ አምስት ቀን ቀረው» አለና መገዝገዙን ቀጠለ።

በማግስቱ ሳይሆን በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ አያ ጉሬዛ እንደ ልማዱ «ወይኔ አክስቴን!» እያለ ከወዲህ ገባ። በዚያው ሰዓት አንዲት ሽማግሌ ጉሬዛ «ወይኔ የወንድሜን ልጅ!» እያለች ከወዲያ ገባች። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ያለቅሳሉ። ሁለቱም ደረታቸውን ይደቃሉ። ድልድዩ መሐል ሲደርሱ ግንባር ለግንባር ተጋጩ።

ቀና ብለው ተያዩ።

«አክስቴ?» አለ ጉሬዛ።

«ልጄ!»

«እንዴት ሰነበትሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?»

«ይመስገን። ለማን ነው የምታለቅሺው?»

«ላንተ ነበር። አንተስ?»

«ላንቺ ነው። ሦስተኛ ጊዜሽ ነው።»

አክስት አየችው። «ሦስት ጊዜ አለቀስክልኝ?» አለች። «እኔ ለባሌ እንኳ ሁለቴ ነው ያለቀስኩት!» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አሁን ሁለቱም የምራቸውን አለቀሱ። ከኋላቸው ጥንቸል የሞተችውን አያቷን አገኘች። ሰስ የሞተውን አማቱን አገኘ፤ እሱ ብቻ ያን ያህል ደስ አላለውም። ድልድዩ ላይ ትንሣኤ ሆነ። መተቃቀፍ ሆነ፣ መዝለል ሆነ። ከዚያ ከታች፣ ከመሐለኛው እግር፣ «ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ሁሉም ባለበት ደረቀ።

«እንኳን ደስ አላችሁ» አለ ድልድዩ ቀስ ብሎ። «ሁላችሁም በሕይወት ስላላችሁ ደስ ብሎኛል። ከልቤ ነው። አሁን ግን እውነተኛ ሟች አለ። እኔ ነኝ። ሰኔን አላልፍም።»

ጉሬዛ አፈረ። «አያ ድልድይ፣ ከነገ ጀምሮ ድንጋይ እንከፍላለን» አለ።

«ከነገ ጀምሮ» አለ ገመዱ።

«አይ፣ ቀረጥ አልፈልግም» አለ ድልድዩ። «ለቀስተኛን አላስከፍልም ብያለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። በአገራችን ተዝካሩን በቁሙ የሚያወጣ አለ። እኔ ደግሞ ቀብሬን በቁሜ ልየው። ረቡዕ ቅበሩኝ።»

«ከየትህ እንጀምር?» አሉ አባ ኤሊ፣ እንባቸው እየወረደ።

«ከመሐለኛው እግሬ። እሱ ቀድሞ ሞቷል። ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን።»

በአገሩ ወግ ቀብር የወጣ ሁሉ በመቃብሩ ላይ ድንጋይ ሳይጥል አይመለስም። ለቀብር ትንሽ ድንጋይ ይዞ መምጣት ደግሞ ሲያሳማ ይኖራል። ስለዚህ ለኬላ እንቁላል የምታክል ድንጋይ የከበደችው ሁሉ፣ ረቡዕ የገዛ ራሱን የሚያክል ቋጥኝ ተሸክሞ መጣ። ከርከሮ አለት ገፋ። ሰስ ከአማቱ እንዳያንስ ሁለቴ ተመላለሰ። ጉሬዛና አክስቱ አንድ ትልቅ ድንጋይ ለሁለት ይዘው «ቀስ፣ ቀስ፣ እግርሽን!» እየተባባሉ ወረዱ። ቀይ ሽንኩርት ያን ቀን ወደ እሷ ዞር ያለ አልነበረም።

ሁሉም ከጨረሰ በኋላ ጃርት ደረሰች። የእናቷን አርባ አውጥታ መመለሷ ነበር። በእጇ ሁለት ድንጋይ ይዛለች።

«አንዱ ለቀብርህ ነው» አለች። «ሁለተኛው ያን ቀን ሳልከፍል ያለፍኩት ነው።»

«አንቺ እኮ ለቅሶ ነበር የሄድሽው። አይገባሽም ነበር» አለ ድልድዩ።

«አንተ ባትኖር እናቴን ሳልቀብር እቀር ነበር» አለች ጃርት። ሁለቱን ድንጋዮች በሌሎቹ መሐል በቀሩት ክፍተቶች ሰካችና በእጇ ጫን ጫን አደረገቻቸው።

ድልድዩ «ቀስ ልጄ» አላት። ገመዱም ሳትጠይቀው ወረደላት።

ሰኔ ገባ። ገዝጋዥ ሞልቶ መጣ። መሐለኛውን እግር ሊገዘግዝ ቢል ጥርሱ ቋጥኝ አገኘ። አንዴ ሞከረ፣ ሁለቴ ሞከረ፣ ሦስቴ ሞከረና፣

«አያ ድልድይ፣ ተቀብረሃል ሲሉ ሰምቼ ነበር» አለው።

«አዎን፣ ተቀብሬያለሁ። ከተቀበርኩ ወዲህ በጣም ተሽሎኛል» አለ ድልድዩ።

ከዚያ ወዲህ የሚሻገር ሁሉ መሐሉ ላይ ሲደርስ «ነፍስ ይማር» ይላል፤ ድልድዩም «አሜን፣ ቀስ ልጄ» ይላል። በየዓመቱ ግንቦት ሲመጣ ደግሞ በሽታው ያገረሽበታል። ቀብሩም ረቡዕ ይሆናል።

ለቋሚ ጠጠር የነፈገ፣ ለሟች ቋጥኝ ይሸከማል። ብልህ ድልድይም ሳይወድቅ ይቀበራል።

የኔ ተረት ተሻገረ። እናንተም እለፉ፤ ድንጋይ የያዘ እዚህ ያስቀምጥ፣ ያልያዘም ቢሆን አያልቅስ።