አያ ጅቦ የጠገነው ብስክሌት

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ ወፍሮ አራት እግሮቹ ሆዱን መሸከም ባቃታቸው ዘመን፣ ሐኪሙ ዝንጀሮ ከቦታው የማይንቀሳቀስ የስፖርት ብስክሌት አዘዘለት። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ በየቀኑ ፔዳሉን ሁለት ሺህ ጊዜ ማዞር፣ ከዚያ በፊት ምሳ አለመቅመስ። ዙሩን የሚቆጥረው መሪው ላይ ያለው ትንሽ ስክሪን ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ስክሪኑ ጠፋ። አንበሳ አንዴ በጥፊ መታው፤ አልበራም። ሁለቴ መታው፤ አልበራም። ስለዚህ ጎረቤቱን አህያን አስጠራ።

«እስኪጠገን አንተ ትቆጥራለህ» አለው። «ቁጥር ከጠፋብህ ምሳዬ አንተ ነህ።»

«ካልጠፋብኝስ፣ ጌታዬ?»

«ነገም ትቆጥራለህ።»

አህያ መቁጠር ጀመረ። ስምንት መቶ ላይ ጉሮሮው ደረቀ። ዘጠኝ መቶ ላይ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ በሁለት ቁጥሮች መካከል፣ «የጠጋኝ ያለህ! አያ አንበሶ ቤት ስክሪን ሞቷል!» ብሎ ጮኸ።

በዚያ ሲያልፍ የነበረው ጅብ ከጩኸቱ አንዲት ቃል ብቻ ሰማ፤ «ሞቷል»። ፊቱን አሳዝኖ ገባ።

«ነፍስ ይማር፣ አያ አንበሶ። እንደሰማሁ መጣሁ።»

«የሞተ ነገር ላይ ልምድ አለህ?» አለ አንበሳ ፔዳሉን እየረገጠ።

«ዕድሜዬን በሙሉ የሠራሁት በእሱ ላይ ነው።»

«ሺህ አንድ መቶ ሰባት» አለ አህያ።

«ታዲያ ብዙ ይፈጅብሃል?»

«እንደ ትልቅነቱ ነው። በሬ የሚያህል ከሆነ እስከ ማታ።»

«ይሄ መዳፍ አያህልም።»

ጅብ ትንሽ ቅር አለው። «ምስኪን! እንዲህ ከሆነማ ዓይን ሳይጨፈን ያልቃል።»

«ጎበዝ! በል ጀምር።»

ጅብ ወደ ስክሪኑ ተጠጋና ለወጉ ያህል አህያን ጠየቀው፤ «ለመሆኑ ስንት ጊዜው ነበር?»

«አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነው» አለ አህያ። ቀጠለና፣ «ሃያ፣ ሃያ አንድ…» አለ።

ፔዳሉ ቆመ።

«ስንት አልክ?»

«ሃያ አንድ፣ ጌታዬ።»

«ቅድም ከሺህ አልፈን ነበር።»

የአህያ ሁለቱም ጆሮዎች ወደቁ። አንበሳ ከኮርቻው ወረደ።

በዚህ መሀል ጅብ የስክሪኑን ክዳን በጥርሱ ገንጥሎ፣ ውስጡ ጎን ለጎን የተኙ ሁለት የባትሪ ድንጋዮች አገኘ። «ኩላሊቶቹ አሉ» አለና ዋጣቸው።

ቀበሮም ያንኑ ጩኸት ሰምታ አንድ መፍቻና አንድ ቁራጭ ጨርቅ ይዛ በሩ ላይ ደርሳለች። የተቆጣ አንበሳ፣ የሚንቀጠቀጥ አህያና ከንፈሩን የሚልስ ጅብ አየች፤ ከጓዳ የሚመጣ የድኩላ ሥጋም ሸተታት።

«አያ አንበሶ፣ አህያን ብትበላው ቁጥሩ አይመለስም» አለች ክዳኑ ወደተገነጠለበት እያየች። «ስክሪኑም አልሞተም። ላብህ ገብቶ ሽቦውን አዝጎት ነው። እኔ ዝገቱን እጠርጋለሁ፤ ሁለቱ ድንጋዮች ሲመለሱ የዛሬውን ዙር እሱ ራሱ ይነግርሃል።»

«ጠፍቶም ሲቆጥር ነበር?»

«ጠፋ እንጂ መቼ ተኛ?»

አንበሳ ይህን አመነ። «ድንጋዮቹ የት አሉ?»

ቀበሮ የጅብን ሆድ አየች።

«ሟቹ ወራሽ እንዳለው ማን ነገረኝ?» አለ ጅብ፣ በመስኮት እየዘለለ።

አንበሳ ተከተለው። አህያ ማንንም ሳይሰናበት በሌላው አቅጣጫ ቤቱ ገባ። ቀበሮ ቃል ገብታ ነበርና ዝገቱን ጠረገች፤ ከዚያም ወደ ጓዳ ዘልቃ ምሳውን ለድካሟ ወሰደች። ጅብ ሁለተኛውን ኮረብታ ሳይጨርስ ተያዘ፤ ድንጋዮቹም ወጡ። በየት በኩል እንደወጡ ጅብ እስከ ዛሬ አይናገርም።

ከዚህ የምንማረው፣ ሥራው ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ «እችላለሁ» ማለት፣ የተበላሸውን ዕቃ ትቶ ባለሙያ ነኝ ባዩን ራሱን ለጥገና እንደሚዳርገው ነው።