ከመሪው ሆድ የተኛው ከረጢት

ቀረብ በሉ፣ አንድ ወሬ ላውጋችሁ፤ ሳቁ ግን ጥቂት ነው።

በኮምቦልቻ የምትኖር እማዋይሽ የምትባል ሴት አንድ ትንሽ ነገር ፈለገች። የፈለገችው ከባሏ መኪና መሪ ውስጥ የተኛው ከረጢት እንዲቀየር ነበር። ባሏ አረጋ ሰው ወደ ደሴ የሚያመላልስባት አሮጌ መኪና፣ የሠራት ፋብሪካ "አምጧቸው፣ ኤርባጋቸውን በነፃ ልቀይር" ብሎ ካስጠራቸው አንዷ ናት። ኤርባግ የሚሉት ይህ ከረጢት የተሠራው በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሾፌሩን እንዲያድን ነው። ይሄኛው ግን እየፈነዳ የብረት ስባሪ ይረጫል ተባለ። ዜናውን በሬዲዮ የሰማች ቀን እማዋይሽ ባሏን ለመነችው።

"አረጌ፣ እባክህ አቁማት" አለችው።

"አቁሜያት ምን ልንበላ ነው? አፈር?" ቁልፉን አነሳ። "ጋራዡ እቀይራለሁ ይበል፣ ዛሬውኑ አቆማታለሁ።"

ጋራዥ ሄደች። "አረጋ መኪናዋን አያቆምም፤ እባካችሁ ከረጢቱን ቀይሩልን" አለች።

መካኒኩ ተካልኝ ሊብሬውን አገላብጦ አየው። "ዕቃው መጥቷል፣ እኔም አልሰነፍኩም። ግን መኪናዋ ዛሬም በሻጩ በአቶ ይመር ስም ናት። በውክልና ገዝታችሁ ስም ሳታዛውሩ ቀራችሁ። ባለ ሊብሬው ካልፈረሙ መሪውን አልፈታም።"

እውነቱን ነው። እንደ ብዙው ሰው ዛሬ ነገ ሲሉ ነበር የከረሙት።

አቶ ይመር ዘንድ ሄደች። "አረጋ መኪናዋን አያቆምም፣ ጋራዡ ከረጢቱን አይቀይርም፤ እባክዎ ይፈርሙልን" አለች።

"ካንቺ ጋር ቂም የለኝም" አሉ አቶ ይመር። "ያ ደላላ እንድሪስ ግን ሲያሻሽጠን በሰው ፊት 'መኪናዎም እንደርስዎ ታስላለች' ብሎኛል። ይቅርታ ካላለኝ በዚያች መኪና ነገር እስክሪብቶ አልነካም።"

እንድሪስ ዘንድ ሄደች። "አረጋ መኪናዋን አያቆምም፣ ጋራዡ ከረጢቱን አይቀይርም፣ አቶ ይመር አይፈርሙም፤ እባክህ ይቅርታ በላቸው" አለች።

እንድሪስ ሳቀ። "ታስል ነበራ! ውሸት ተናገርኩ?" ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠው። "እሺ እህቴ፣ እላለሁ። ብቻዬን ብሄድ ግን የሚቀበሉኝ በዱላ ነው። ሽማግሌዎች ከፊት ይቅደሙልኝ።"

ወደ ሽማግሌዎቹ ስትወርድ አምቡላንስ እየጮኸ ወደ ደሴ አቅጣጫ አለፈ። ስልኳን አውጥታ ደወለች።

"ምነው? ሰው ጭኛለሁ እኮ!" አላት አረጋ።

ስልኩን ዘጋችው፤ ዕንባዋን ጠርጋ መንገዷን ቀጠለች።

ሽማግሌዎቹ መስጊዱ አጥር ሥር ተቀምጠው ነበር። "አረጋ መኪናዋን አያቆምም፣ ጋራዡ ከረጢቱን አይቀይርም፣ አቶ ይመር አይፈርሙም፣ እንድሪስ ይቅርታ አይልም፤ እባካችሁ ተነሱልኝ" አለች።

"ልጄ፣ ለዕርቅ እግራችን ከብዶ አያውቅም" አሉ አንደኛው። "ግን ዱዓ አድርገው ዕርቁን የሚያስሩት ሼህ ሙሄ ናቸው። ያለሳቸው ብንነሳ አይጸናም። እሳቸው ደግሞ ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ ከደጅ አይወጡም።"

ሼህ ሙሄ ዘንድ ሄደች። መስኮቱ ተዘግቷል፤ ሼሁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀምጠዋል። እማዋይሽ ደፍራ አልገባችም፣ በሩ ላይ ቆመች።

"አረጋ መኪናዋን አያቆምም፣ ጋራዡ ከረጢቱን አይቀይርም፣ አቶ ይመር አይፈርሙም፣ እንድሪስ ይቅርታ አይልም፣ ሽማግሌዎቹ አይነሱም፤ እባክዎ አባቴ፣ ከደጅ ይውጡልኝ።"

ልትመለስ ስትል ድምፃቸውን ሰማች።

"ከረጢቱ ምን ያደርጋል?"

"ይፈነዳል፣ አባቴ። የሾፌሩ አንገት ላይ ብረት ይረጫል።"

ቀስ ብለው ዞሩ። "ልጄ መኪና ሲነዳ የገጨው የአህያ ጋሪ ነበር። አህያዋ ድና ሄደች። የመኪናው መብራት እንኳ አልተሰበረም። ሐኪሙ ግን ከአንገቱ ብረት አወጣ። ይሄ ብረት ከየት መጣ እላለሁ። እዚህ ቁጭ ብዬ፣ ከየት መጣ፣ ከየት መጣ እላለሁ።"

እማዋይሽ አሁን ወደ ውስጥ ገባች።

"በትሬን አቀብይኝ" አሉ።

ሼህ ሙሄ ከደጅ ወጡ። እሳቸው ቢወጡ ሽማግሌዎቹ ተነሱ፤ ሽማግሌዎቹ ቢነሱ እንድሪስ ይቅርታ አለ፤ እንድሪስ ይቅርታ ቢል አቶ ይመር ፈረሙ፤ አቶ ይመር ቢፈርሙ ጋራዡ እቀይራለሁ አለ፤ ጋራዡ እቀይራለሁ ቢል አረጋ መኪናዋን አቆመ።

ተካልኝ መሪውን ፈታ፣ አዲሱን አስገብቶ አሮጌውን ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ሼህ ሙሄ ጋራዡ ድረስ ተከትለው መጥተው ነበር። በሁለት እጃቸው አነሱት።

"ቀላል ነው" አሉ። "እኔ ከባድ ነገር መስሎኝ።"

እማዋይሽ "ተመስገን" ልትል አፏን ከፍታ ነበር። መልሳ ዘጋችው።

ወሬዬ እዚህ ላይ አበቃ፤ የሰማ ላልሰማ ሾፌር ያሰማ።