የአስራ ሰባት ቁጥር ቱታ

አንድ ቀን የሴቶች ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ወይንሐረግ ለግምገማ ተጠራች። ግምገማ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ያጠፋው ሰው ሰብሳቢ ሆኖ ያላጠፋውን የሚጠይቅበት ስብሰባ ነው። ቡድኑ ጎረቤት አገር ሄዶ አንድ ለዜሮ ተሸንፎ ተመልሷል። «ዛሬ በቂ ምክንያት ካላቀረበች ትነሳለች» የሚለው ወሬ ከእሷ ቀድሞ አዳራሽ ገብቷል።

ወይንሐረግ ኳስ የጀመረችው ድሬዳዋ፣ ከወንዶች ጋር አሸዋ ላይ እየተጋፋች ነው። «ሴት ልጅን ምን ኳስ ያራግጣታል!» ያሏትን ሁሉ በግራ በቀኝ እያለፈች አስራ ሁለት ዓመት በክንፍ ተጫወተች። ጉልበቷ እምቢ ሲላት ወደ አሰልጣኝነት ዞረች። ከዚህ ሥራ ሌላ የምታውቀውም የምትወደውም ነገር የላትም።

ነገሩ የተበላሸው ገና ከመነሻው ነው። እሷ ለጉዞው ሃያ ልጆች መርጣ ነበር። ዋዜማው ላይ የተጓዦች ዝርዝር ሲለጠፍ ስድስቱ ተሰርዘው በምትካቸው የልዑካን ቡድን መሪ፣ ምክትል መሪ፣ የመሪው አማካሪ፣ የሥነ ሥርዓት ተከታታይ፣ የተከታታዩ ረዳትና ሥራው ያልተጻፈ አንድ ሰው ገብተዋል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል አይደል የሚባለው! አስራ ሰባት ቁጥር ለባሿ ሰዓዳ፣ ያቺ በግራ እግሯ ተከላካይ የምታስለቅስ ልጅ፣ ሻንጣዋን እንዳዘጋጀች ቀረች። ቱታዋን ግን አስረክቢ ተባለች፤ መሪው የሚለብሱት አጥተው።

ወይንሐረግ ያኔ ሮጣ የመሪው የአቶ ደርበው ቢሮ ገብታ ነበር።

«ጌታዬ፣ ስድስት ልጆች ቀነሱብኝ እኮ!»

«አስራ አንድ አይደል እንዴ የሚጫወተው? ሦስት ትርፍ ሰጥተንሻል። አታማርሪ!»

እነሆ ዛሬ እኚሁ አቶ ደርበው ግምገማውን ይመራሉ። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«እህቴ፣ እስቲ ለቤቱ አስረጂ። ሦስቱን ተጠባባቂዎች መቼ ጨረስሻቸው?»

«በስልሳኛው ደቂቃ። ሁለቱ በጉዳት፣ አንዷ በድካም የወጡትን ተክተው ገቡ።»

«ግቡስ መቼ ገባ?»

«በሰማንያ ስምንተኛው።»

«አያችሁልኝ!» አሉ ወደ ተሰብሳቢው ዞረው። «ሃያ ስምንት ደቂቃ ሙሉ! የግራ ክንፋችን እግሯ ተሳስሮ ስታነክስ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ደንቡ እንደሆነ አምስት መቀየር ይፈቅዳል። ትኩስ ጉልበት ያላስገባሽው ለምንድን ነው? አሰልጣኝ ማለት እኮ ዞር ብላ የተጠባባቂዎቹን ወንበር የምታይ ናት! ዞር ብለሽ አይተሻል ወይስ አላየሽም?»

ቃለ ጉባኤ ያዡ እስክሪብቶውን አንስቶ ጠበቃት። ወይንሐረግ ቀስ ብላ ተነሳች።

«አይቻለሁ እንጂ፣ ክቡር ሰብሳቢ። አስራ ሰባት ቁጥርን ላስገባ ብዬ ዞር አልኩ። እውነትም ቁጥሩ ወንበሩ ላይ አለ፤ ቱታው ውስጥ የተቀመጡት ግን እርስዎ ነበሩ። ‹ይነሡና ያሟሙቁ› እንዳልልዎ፣ የልጆቹን ሙዝ ገና በልተው አልጨረሱም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ግምገማውም ያለ ውሳኔ ተበተነ። ወይንሐረግ እስከ ዛሬ ሥራዋ ላይ ናት። በሚቀጥለው ጉዞ ሃያዎቹም ልጆች ተሳፈሩ፤ ሰዓዳም ቱታዋ ተመለሰላት፣ ሆዱ ጋ ግን እንደሰፋ ቀርቷል አሉ።