የባለጸጋው ምግብ ቀማሽ

አንድ ባለጸጋ ነጋዴ ነበር። ሀብቱ በጨመረ ቁጥር ፍርሃቱም ጨመረና "በምግቤ መርዝ ጨምረው ሊገድሉኝ ነው" ማለት ጀመረ። ማን እንደሚገድለው ሲጠይቁት አያውቅም፤ ብቻ ሁሉንም ይጠረጥራል። በመጨረሻ ከእሱ በፊት ምግቡን እየቀመሰ የሚያረጋግጥለት ሰው እንደሚፈልግ፣ ደመወዙም ከከተማው ዳኛ ደመወዝ እንደሚበልጥ አስነገረ።

እኔ መቼም ከልክ በላይ የሚከፈልበት ሥራ ስሰማ ደስ አይለኝም። ማን ነው ገንዘቡን ዝም ብሎ የሚበትን? ይርዳው የሚባል እንጨት ፈላጭ ግን ይህን አልጠየቀም። ቀኑን ሙሉ ምሳር ሲያነሳ ሲጥል የሚውል፣ ሚስቱን አሰገደችን ከኪራይ ጎጆ አውጥቶ የራሷ ቤት ሊያስገባት የሚመኝ ሰው ነበር። ጎረቤቶቹም ጎተጎቱት። "ዶሮ ወጥ እየበላህ ይከፈልሃል! ሌላ ምን ትፈልጋለህ?" አሉት። ሄደና ተቀጠረ።

በመጀመሪያው ቀን ባለጸጋው አስጠነቀቀው። "ጠላቴማ ወጥ ቤቴ ድርሽ አይልም። የሚገባው የማምነው ሰው ነው። ሊገድለኝ የሚችለውም እሱ ነው። እሱን ጠርጥርልኝ።"

ሥራው እንደተወራለት አልነበረም። ይርዳው አንዴ ጎርሶ ይውጥና ይቀመጣል። ባለጸጋው ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። "ሆድህን ቆረጠህ? ምነው አላበህ?" ይለዋል። ይርዳው ምላሱን ያዳምጣል፣ ሆዱን ያዳምጣል። ወጡ ይጣፍጥ አይጣፍጥ አያውቀውም። ዛሬን ሲተርፍ ለነገ ይሰጋል። "ግድ የለም፣ ደመወዙ ይክሰኛል" እያለ ራሱን ያጽናናል። እውነትም ገንዘቡ ተጠራቀመ፣ ቤቱም ተሠራ።

ያ ጥርጣሬ ግን ባለጸጋው ግቢ አልቀረም፤ ተከትሎት ቤቱ ገባ። ይርዳው አሰገደች ያቀረበችለትን ራት ማሽተት ጀመረ። "ቀድመሽ ብዪ" ይላት ጀመር። መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ኋላ ግን ሳቁም ቀረ። "ምን ነካህ አንተ ሰው?" ስትለው "ልማድ ሆኖብኝ ነው" ይላታል።

አዲሱ ቤት ሲመረቅ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የሰፈር ሽማግሌ ሁሉ ተጠራ። አሰገደች ሽር ጉድ ስትል ሰነበተች። ሰው ማዕድ ከቦ መብላት ሲጀምር ደስታዋን መቻል አቃታትና ዳጎስ ያለ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ ባሏ አፍ ዘረጋች።

"በሞቴ!" አለችው።

ይርዳው እጇን ያዘና "መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው" አላት።

የጎረሰ ሁሉ ማላመጡን አቆመ። አንዷ ጎረቤት አፏ ውስጥ የነበረውን መዳፏ ላይ ተፋችው። ባል የሚስቱን እጅ ከፈራ አንድ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው እንጂ! ሁሉም እጁን ከማዕዱ ሰበሰበ። አሰገደች ክው አለች። ከዚያ ጉርሻውን ራሷ ጎረሰች። ከየወጡ እያጠቀሰች፣ እንባዋ እየወረደ፣ ሰው ሁሉ እያያት በላች። ስትጨርስ ነጠላዋን አንስታ ወደ እናቷ ቤት ሄደች።

በማግስቱ ይርዳው ባለጸጋው ዘንድ ቀርቦ "ጌታዬ፣ በቃኝ። ያሰናብቱኝ" አለ።

"ደመወዝህን እጥፍ አደርግልሃለሁ።"

"ሚስቴ ጥላኝ የሄደችው ደመወዜ አንሶ አይደለም።"

ባለጸጋው ሳቀ። "ሚስት? እኔ የእኔን ከፈታኋት ስንት ዘመኔ! ቀስ በቀስ ትለምደዋለህ።"

"እሱን ነው የፈራሁት" አለና ይርዳው ወጣ።

ሽማግሌ ልኮ፣ ለምኖ፣ እግር ላይ ወድቆ ታረቀ። አሰገደች ተመለሰች። አልሰደበችውም፣ አላኮረፈችውም። ነገር ግን ማዕድ ባቀረበች ቁጥር፣ እሱ ሳይጠይቃት፣ ከእያንዳንዱ ወጥ ቀድማ ትቀምስና ጥቂት ትቆያለች። ከዚያ "በል ብላ" ትለዋለች።

"ተይ እባክሽ! አሁን እኮ አልጠረጥርሽም" ይላታል።

"ግድ የለም፣ ልብህ ይረፍ" ትለዋለች።

ቀማሿ እሷ ሆነች፤ ያውም ያለ ደመወዝ። ይርዳው ያንን ቤት ሸጦ ይህን ነገር ሊያስተዋት ቢችል በደስታ ይሸጠው ነበር። ግን የጠፋ መተማመን በምን ገንዘብ ይመለሳል?

ወዳጆቼ፣ የሰውነት ድካምን ደመወዝ ሊክሰው ይችላል፤ ወገብ የሚያጎብጥ ሥራ ሠርቶ በሰላም የሚተኛ ስንት ሰው አለ። የሚወዱንን ሰዎች የምናይበትን ዓይን የሚያበላሽ ሥራ ግን ምንም ያህል ቢከፈልበት ኪሳራ ነው። እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ደመወዙን የምትቀበሉት እናንተ ናችሁ፤ ዋጋውን ቤት ውስጥ እየከፈለላችሁ ያለው ማን ይሆን?