ጠማማ የተባለው ክንድ

አንድ ጊዜ የአራዊቱ ንጉሥ አንበሳ የሸክላ ማጫወቻው ክንድ ተሰበረበት። ያለው ሸክላ አንድ ብቻ ነበር፤ የሞተች እናቱ ያንጎራጎረችበት። መርፌውን ይዞ በሸክላው ላይ የሚሄደው ክንድ ከሌለ ደግሞ ድምጿን መስማት የለም። ስለዚህ በጠራቢነቱ የታወቀውን አህያ አስጠራ።

አህያ ሦስት ቀን ለፍቶ ጎበጥ ያለ ክንድ ይዞ መጣ። ቀበሮ ገና ስታየው ሳቀች።

«ለንጉሥ ጠማማ ክንድ? ምነው፣ ቀጥ ያለ እንጨት ጠፋ?»

«ጠማማ እንኳ አይደለም፣ እሜቴ» አለ አህያ። «እርግጥ ይከብዳል፤ ወደ መሃልም ስለሚስብ መልሶ የሚይዘው ማመጣጠኛ ይፈልጋል። ግን ጫፉ ዘንበል በማለቱ መርፌው መስመሩን ተከትሎ ይሄዳል። ቀጥ ያለው ቀላል ነው፣ አይስብም፤ መርፌው ግን መስመሩ ውስጥ ተጣሞ ይቆማል። የንጉሡን እናት ድምፅ ያበላሸዋል።»

አያ ጅቦ ከዚህ ሁሉ አንዲት ቃል አልገባውም። ዓይኑ ከአህያ ጭን አልተነቀለም። «ቤተ መንግሥት ጠማማ ነገር ገብቶ አያውቅም!» ብሎ ጮኸ።

«እንግዲያው ዘንጉ ቀጥ ይበልና ጫፉን ብቻ ላዘንብለው» ሲል አህያ ለመነ።

«አንገቱን የሚደፋማ ከጠማማም ይብሳል» አለች ቀበሮ።

«ቀጥ አድርገው!» አለ አንበሳ።

አህያ ድምፁ እንደሚበላሽ ያውቃል፤ ግን ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ። «እሺ ጌታዬ» አለና ቀጥ ያለውን ክንድ ሠርቶ ገጠመ።

ሸክላው ዞረ። የእናትየዋ ድምፅ ወጣ፤ ግን ጉሮሮዋን የታነቀች ይመስል ነበር።

«ክብደት አንሶት ነው!» አለ ጅብ፤ ድንጋይም ጫነበት። መርፌው ሸክላውን ፈቀፈቀው።

«ያንሱት! ኧረ ያንሱት!» አለ አህያ። ቢያነሱትም ጊዜው አልፎ ነበር። መልሰው ሲያስቀምጡት ከሲርሲርታ በቀር ምንም አልተሰማም።

አንበሳ አለቀሰ። ሲበቃው እንባውን ጠረገና «ይህን ክንድ የሠራው ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

ቀበሮ ወደ አህያ ጠቆመች።

«ጌታዬ፣ እንደሚያበላሸው ተናግሬ ነበር» አለ አህያ።

«እያወቅህ ለምን ሠራኸው?»

አንበሳ ፊቱን አዞረ፤ ጅብም ይህ ፈቃድ መሆኑ አልጠፋውም። ሲመሽ ከአህያ የቀረው ሰኮናው ብቻ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ጥፋት መሆኑን እያወቀ ፈርቶ የታዘዘ ባለሙያ፣ ጥፋቱ በደረሰ ጊዜ በአዛዡ ፈንታ የሚጠየቀው እርሱ ራሱ መሆኑን ነው።